እንጦጦና በሥሩ ያለው ሸለቆ

በጉለሌ ከጳውሎስ ሠፈር ቆሞ ወደ ሰሜን የሚመለከት ሰው፥ የእንጦጦን ተራራ እንደ ግንብ ተዘርግቶ ያየዋል። በዚህ ተራራ ላይ የሚዘንበው ዝናብ በሁለት ይከፈላል፤ በስተሰሜን የወረደው በሙገር በኩል ወደ ዓባይ ሲሄድ፥ በስተደቡብ የወረደው በአቃቂ በኩል ከአዋሽ ይገባል።

ለምድር ወገብ የቀረበ አገር ሁሉ ሐሩር አይደለም። ወደ ላይ 1,000 ሜትር ከፍ በተባለ ቁጥር ሙቀቱ 6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳልና። በአንዲስ ተራሮች መካከል ያለችው የኤኳዶር ዋና ከተማ ኪቶ በምድር ወገብ አጠገብ ሆና ሳለ፥ ከፍታዋ 2,850 ሜትር ያህል ስለ ሆነ አየርዋ ቀዝቃዛ ነው። አዲስ አበባም በ2,400 ሜትር ገደማ ላይ በመቀመጧ ደጋ ሆናለች።

ዳግማዊ ምኒልክ አስቀድመው የከተሙት በተራራው ራስ ላይ ነበር። ሥፍራው ለመከላከል ቢያመችም፥ ብርዱና ነፋሱ የበረታ ነበር። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ፍልውሃውን ወደው በሸለቆው ቤት አሠሩ፤ ሥፍራውንም አዲስ አበባ አሉት። ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ዘውዱ የተጫነው በእንጦጦ ማርያም ቢሆንም፥ ከተማው ወደ ታች መውረዱን አልተወም።

ሸለቆው ግን ባዶ አልነበረም። ጉለሌ ማለት በዚያ ከብቱን ያሰማራ የነበረው የኦሮሞ ጎሣ ስም ነው። ባለቤቱ መሬቱን ቢያጣም ስሙ ከምድሩ ጋር ቀርቷል፤ የከተማዪቱን ታሪክ የሚጽፍ ሁሉ ይህን ሊዘነጋ አይገባውም።

ውሃ ያወረደውን ከተማ ማገዶ ሊያስነሣው ተቃርቦ ነበር። ደኑ ስላለቀ በ1893 ዓ.ም. ገደማ በስተምዕራብ አዲስ ዓለም ላይ ሌላ ከተማ መሠራት ተጀመረ። በ1880ዎቹ የገባው ባሕር ዛፍ ግን ፈጥኖ አደገና ማገዶም የቤት እንጨትም ሆነ፤ ከተማውም በቦታው ጸና። ኪቶም የዚሁ ዛፍ ባለዕዳ ናት፤ በዙሪያዋ ያሉት ተራሮች ከአውስትራልያ በመጣው ባሕር ዛፍ ለብሰዋል።

ይሁንና ባሕር ዛፍ ውሃ አብዝቶ ይጠጣል፤ በሥሩም ሣር እንደ ልብ አይበቅልም። ሣር ያጣ ተዳፋት አፈሩን ለጐርፍ አሳልፎ ይሰጣል። ዛሬ በጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል ጥድ፥ ወይራና ኮሶ የመሰሉት አገር በቀል ዛፎች መተከላቸው ስለዚህ ነው። አባቶች ማገዶ ሲቸግራቸው መላ ፈጠሩ፤ የእኛ ድርሻ ደግሞ ምንጩንና አፈሩን መጠበቅ ነው። ተራራው ከተራቈተ ሸለቆው አይድንምና።