የጨቅላ ሕፃን እንቅልፍና አንጎል፤ የአንድ ምርምር ታሪክ

እንቅልፍ ለብዙ ዘመን የሞት ታናሽ ወንድም ተደርጎ ሲታሰብ ኖሯል። ሊቃውንትም ቢሆኑ እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ድረስ ከዚህ አስተሳሰብ እምብዛም አልራቁም፤ ሰው ሲተኛ አንጎሉ ከውጭ የሚነካው ነገር ስለሚቀርበት ሥራውን ትቶ ፀጥ ይላል ይሉ ነበር። አዲስ የተወለደ ሕፃንማ በ24 ሰዓት ውስጥ 16ቱን ወይም 17ቱን ሰዓት ተኝቶ ስለሚያሳልፍ፣ አንጎሉ ገና ምንም ያልተጻፈበት ብራና ነው ቢባል የሚከራከር አልነበረም። ይህን እምነት ያናወጠው ግን ይኸው ተኝቶ የሚውለው ሕፃን ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው በቺካጎ ዩኒቨርስቲ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በዚያ የፊዚዮሎጂ መምህር የነበሩት ፕሮፌሰር ናትናኤል ክላይትማን ዕድሜያቸውን በእንቅልፍ ጥናት የፈጁ ሰው ነበሩ። በ1938 ከአንድ ረዳታቸው ጋር በኬንታኪ ግዛት ወደሚገኘው ማሞት ዋሻ ገብተው፣ ፀሐይ ሳያዩ 32 ቀን በመቀመጥ የሰውን የመተኛትና የመንቃት ልማድ የፈተሹት እርሳቸው ናቸው። በ1950 ገደማ ዩጂን አሰሪንስኪ የተባለ ተማሪ ሲመጣላቸው የሰጡት ሥራ ግን ከዋሻው ጉዞ ጋር ሲተያይ እጅግ ተራ ነበር፤ ሕፃናት እንቅልፍ ሲወስዳቸው የዐይናቸው ቆብ እንዴት መርገብገቡን እንደሚያቆም ተቀምጦ እንዲመለከት አዘዙት።

አሰሪንስኪ ወራት ሙሉ ከሕፃናት አልጋ አጠገብ ተቀምጦ ቢመለከትም፣ የተባለውን መርገብገብ ከሌላው የቆብ ንቅናቄ መለየት አልቻለም። የታዘዘው ሥራ እንዳልሆነለት ሲረዳ፣ ማናቸውንም የዐይን እንቅስቃሴ ሳይመርጥ ይመዘግብ ጀመር። ያልታሰበው ነገር የታየው በዚህ ጊዜ ነው። የሕፃኑ ዐይን ፈጽሞ የማይንቀሳቀስበት፣ 20 ደቂቃ ያህል የሚቆይ የዕረፍት ጊዜ ነበር፤ እርሱ ሲያልፍ ዐይኑ ከቆቡ ሥር ወዲያና ወዲህ ይላል፣ እጅና እግሩም ይወራጫል፤ ከዚያ ዕረፍቱ ይመለሳል። አንዱ ዙር ከ50 እስከ 60 ደቂቃ ይፈጅ ነበር። ዴኒሶቫና ፊጉሪን የተባሉ ሁለት የሩሲያ ተመራማሪዎች በ1926 በሕፃናት እንቅልፍ ውስጥ ተመሳሳይ ምልልስ ማየታቸውን ጽፈው ነበር፤ ነገር ግን በጊዜው ጽሑፋቸውን ልብ ያለው ሰው ጥቂት ነበር።

አሰሪንስኪ ነገሩ በታላላቅ ሰዎችም ይገኝ እንደሆነ ለማየት፣ በአንድ ሕንፃ ምድር ቤት ተትቶ የነበረ አሮጌ የአንጎል ሞገድ መመዝገቢያ አስጠግኖ በስምንት ዓመት ልጁ በአርሞንድ ሞከረው። ሌሊቱ እየገፋ ሲሄድ የመሣሪያው ብዕሮች እንደ ነቃ ሰው ይሯሯጡ ጀመር። ልጁ የነቃ መስሎት ወደ መኝታው ቢገባ ጭልጥ ያለ እንቅልፍ ላይ አገኘው። ክላይትማን በቀላሉ የሚያምኑ ሰው አልነበሩም፤ ይህንኑ በገዛ ልጃቸው ላይ ሲታይ ተመልክተው ነው የተቀበሉት። ግኝቱ በ1953 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ወጣ። የሕፃናቱ ጥናት ታትሞ የወጣው ግን በ1955 ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ አሰሪንስኪ እንቅልፍን ትቶ ወደ ዋሽንግተን ግዛት በመሄድ የኤሌክትሪክ ፍሰት በሳልመን ዓሣ ላይ የሚያደርሰውን ለውጥ ያጠና ነበር። ለቤተሰብ አስተዳዳሪ ደመወዝ ከዝና ይቀድማል።

ሐንስ በርገር በጀርመን አገር በየና ከተማ የሰውን አንጎል የኤሌክትሪክ ሞገድ መመዝገባቸውን በ1929 ካስታወቁ በኋላ፣ መሣሪያውን ካለ ጊዜያቸው በተወለዱ ሕፃናት ላይ በትዕግሥት የተጠቀሙበት የፓሪስ ሐኪሞች ናቸው። ዶክተር ኮሌት ድሬፉስ ብሪዛክና ባልደረቦቻቸው ከ1950ዎቹ ጀምሮ እንዳሳዩት፣ እጅግ ቀድሞ የተወለደ ሕፃን የአንጎል ሞገድ ያልተያያዘ ነው፤ ድንገት ይፈነዳል፣ ደግሞ ዝም ይላል። ሳምንታት ባለፉ ቁጥር ዝምታው እያጠረ፣ ሞገዱም እየተያያዘ ይሄዳል። የለውጡ ሥርዓት የተጠበቀ በመሆኑ፣ የሠለጠነ ዐይን ሞገዱን አይቶ የሕፃኑን የፅንስ ዕድሜ ሊገምት ይችላል። ባዶ የተባለው ብራና ለካ በየሳምንቱ ይጻፍበት ኖሯል።

በ1966 ሮፍዋርግ፣ ሙዚዮና ዴመንት ያወጡት ጥናት ደግሞ ጥያቄውን ወደ ሌላ አቅጣጫ መራው። አዲስ የተወለደ ሕፃን ከሚተኛው ጊዜ እኩሌታ ያህሉ ዐይን የሚሯሯጥበት ንቁ እንቅልፍ ነው፤ በጎልማሳ ሰው ግን ይህ ከሩብ አይበልጥም። ካለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን ዘንድ ድርሻው ከእኩሌታም ያልፋል። ይህ እንቅልፍ የሕልም ማደሪያ ብቻ ቢሆን፣ ከዓለም ገና ምንም ያላየ ሕፃን ይህን ያህል ምን ሊያልም ኖሯል? ተመራማሪዎቹ የሰጡት ግምት፣ ዐይንና ጆሮ ገና ብዙ ሳያቀብሉት አንጎል ራሱን ከውስጥ እየቀሰቀሰ የሚያድግበት ጊዜ ነው የሚል ነበር። በየአገሩ ያሉ እናቶች ሕፃን ተኝቶ ፈገግ ሲል ከመላእክት ጋር ይጫወታል ማለታቸው የቆየ ነገር ነው፤ ፈገግታው በአብዛኛው የሚታየው በዚሁ በንቁ እንቅልፍ ውስጥ ነው።

የግምቱ አንድ ክፍል ማስረጃ ያገኘው ከአርባ ዓመት በኋላ ነው። በ2004 በአይጥ ግልገሎች፣ በ2007 ደግሞ ካለ ጊዜያቸው በተወለዱ ሕፃናት እንደታየው፣ የእጅና የእግር ድንገተኛ ንቅናቄ አካልን በሚመለከተው የአንጎል ክፍል ላይ ወዲያው የተለየ ሞገድ ያስነሣል። እንግዲህ ውርጭርጩ የአንጎል ፍሳሽ ሳይሆን፣ አንጎል የገዛ አካሉን የሚያውቅበት አንዱ መንገድ ሳይሆን አይቀርም።

ይህ ዕውቀት በሕክምናው ክፍል ውስጥ ቦታ ያገኘው በዝግታ ነው። ካለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን ማሞቂያ ሣጥን ውስጥ ገብቶ ሳለ፣ ለደም ምርመራ፣ ለጨርቅ ለውጥ፣ ለመመዘን በየጊዜው ይነካል፤ ከተነካም ይነቃል። እንቅልፍ ባዶ ዕረፍት ነው ለሚል ሰው ይህ ጉዳት ሆኖ አይታይም ነበር። በ1980ዎቹ በቦስተን ሄይደሊዘ አልስ ያቀረቡት የአያያዝ ዘዴ ግን፣ ነርሷ ሕፃኑን ከመንካቷ በፊት ያለበትን ሁኔታ እንድትመለከትና የሚቆይ ሥራ ከሆነ እስኪነቃ እንድትጠብቅ፣ ሥራዎቹንም በአንድ ጊዜ አሰባስባ እንድትፈጽም ይጠይቃል። ሁኔታውን ለማወቅ መሣሪያ የግድ አይደለም። ትንፋሹ ወጥ ሆኖ ፊቱ ረግቶ እንደሆነ ፀጥተኛ እንቅልፍ ላይ ነው፤ ትንፋሹ ተዘበራርቆ ዐይኑ ከቆቡ ሥር የሚንቀሳቀስ ከሆነ ደግሞ ንቁው እንቅልፍ ይዞታል፤ ይህንም ጥቂት ደቂቃ አልጋው አጠገብ የቆመ ሁሉ ሊያየው ይችላል።