የጉዳት ዕዳ ሽግግር፦ ዕቃው መንገድ ላይ ቢጠፋ ኪሳራው የማን ነው?

አንድ የአዲስ አበባ ነጋዴ ከቻይናው የኒንግቦ ወደብ የወለል ሴራሚክ አዘዘ እንበል። ውሉ «ሲ ኤፍ አር ጅቡቲ» ይላል፤ ነጋዴው በተለምዶ «ሲ ኤንድ ኤፍ» የሚለው ማለት ነው። የመርከቡን ኪራይ እስከ ጅቡቲ የሚከፍለው ሻጩ ነው። መርከቧ ሕንድ ውቅያኖስ ላይ ሳለች ማዕበል ተነሥቶ ኮንቴይነሩን ከመርከቧ ጠርጎ ወሰደው። ሻጩም ገዢውም አላጠፉም። ነጋዴው ግን የሴራሚኩን ሙሉ ዋጋ ይከፍላል። «ጅቡቲ ድረስ የሚያደርሰው እሱ አልነበረም ወይ?» ብሎ ቢከራከር አይረታም።

ይህን የሚወስነው ሐሳብ በእንግሊዝኛ «ትራንስፈር ኦፍ ሪስክ» ይባላል። እኛ «የጉዳት ዕዳ ሽግግር» ብለነዋል። በባንኮችና በኢንሹራንስ ድርጅቶች ዘንድ ሪስክን «ስጋት» ማለት ተለምዷል፤ ለሽያጭ ሕግ ግን አይበቃም። ስጋት ገና ያልደረሰ ነገር ነው፤ እዚህ የሚጠየቀው ደግሞ ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ዕዳው በማን ላይ እንደሚወድቅ ነው።

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ጉዳዩን ከቁጥር 2323 ጀምሮ ይደነግጋል። ገዢው ዕቃውን በውሉ መሠረት እስኪረከብ ድረስ ጉዳቱ የሻጩ ነው። ከተረከበ በኋላ ግን ዕቃው ቢጠፋም ቢበላሽም ዋጋውን ከመክፈል አይድንም፤ ጥፋቱ የሻጩ ካልሆነ በቀር። ወሳኙ ርክክቡ እንጂ ክፍያው አይደለም። ስለዚህ ዋጋውን ከፍሎ ዕቃውን ገና ያልተረከበ ሰው የሻጩ መጋዘን ቢቃጠል ገንዘቤ ይመለስልኝ ማለት ይችላል። የመረከቢያው ቀን አልፎ ሳያነሣው የዘገየ ከሆነ ግን ዕዳው ወደ እሱ ዞሯል። ከአንድ ክምር ላይ ሃምሳ ኩንታል ጤፍ የገዛ ሰውም ድርሻው ተለይቶ እስኪቀመጥለት ድረስ የእሳቱ ዕዳ አይነካውም።

ባሕር ተሻጋሪ ንግድ ላይ ሲደረስ ርክክቡ የቱ ጋ ተፈጸመ የሚለው ያከራክራል። ዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1936 «ኢንኮተርምስ» የተባሉትን ደንቦች ማውጣት የጀመረው እንዲህ ያለውን ክርክር ለማስቀረት ነው። የ2020 እትም 11 ደንቦች አሉት። ብዙ ነጋዴ የሚሳሳተው ኪራዩን የከፈለ ጉዳቱንም ይሸከማል ብሎ ስለሚያስብ ነው። በሲ ኤፍ አር ሻጩ ኪራዩን እስከ ጅቡቲ ይክፈል እንጂ የጉዳቱ ዕዳ ወደ ገዢው የተሻገረው ኒንግቦ ላይ፣ ዕቃው መርከብ ላይ እንደተጫነ ነው። ከውሉ ፊደላት ቀጥሎ የተጻፈው የወደብ ስም የሚናገረው ኪራዩ እስከ የት እንደተከፈለ ብቻ ነው፤ ዓይን የሚያርፈው ግን እሱ ላይ ነው።

የእኛ ቡና ላኪ ጋ ስንመጣ ነገሩ ይገለበጣል። «ኤፍ ኦ ቢ ጅቡቲ» ብሎ ከሸጠ፣ ቡናው ጅቡቲ መርከብ ላይ እስኪጫን ያለው ጉዳት ሁሉ የእሱ ነው፤ መኪናው አዋሽ ላይ ቢገለበጥም፣ ኮንቴይነሩ ወደቡ ግቢ ውስጥ መርከብ ሲጠብቅ ቢበላሽም። ኮንቴይነር ከላኪው እጅ የሚወጣው መርከብ ላይ ሳይሆን ግቢው ውስጥ ስለሆነ፣ ምክር ቤቱ ራሱ ለኮንቴይነር ጭነት ኤፍ ሲ ኤ የተባለውን ደንብ ይመክራል። በእሱ ዕዳው የሚሻገረው ዕቃው ለአጓጓዡ በተሰጠበት ቦታ ነው። ላኪዎቻችን ገዢዎቻቸውን ይህን ቢጠይቁ የሚከስሩበት ነገር አይታየኝም።

ሴራሚክ ያዘዘው ነጋዴ ኢንሹራንስ ገብቶ ሊሆን ይችላል። የባሕር ጭነት ሽፋን ግን በኤ፣ በቢና በሲ የተከፈለ ነው። ባንኩ ስለጠየቀው ብቻ ርካሹን ሲ ገዝቶ ከሆነ፣ መርከቧ ብትሰጥም ወይም ብትቃጠል ይካሳል፤ ለስርቆት ግን ሽፋን የለውም፣ ማዕበል ጠርጎ ለወሰደው ኮንቴይነርም እንዲሁ። የማዕበሉ ከቢ ጀምሮ ይገኛል፣ ስርቆቱ ደግሞ በኤ። ስለዚህ ዓረቦኑን ከመክፈሉ በፊት የፖሊሲው ወረቀት ላይ የትኛው ፊደል እንደተጻፈ ማየት ያለበት እሱ ራሱ ነው፤ መርከቧ ከኒንግቦ ከመነሣቷ በፊት።