አረር፦ ከምድጃ የወጣው ጥይትና የ«ዱምዱም» ክስ

ባለፈው ቅዳሜ ገርጂ አንድ ጋራዥ ደጃፍ መኪናዬ እስኪሠራ ተቀምጬ ነበር። አንድ ልጅ ከአሮጌ ጎማዎች የተነቀሉ የእርሳስ ቁርጥራጮችን በጣሳ አድርጎ ከሰል ላይ ያቀልጣል። የሚያፈስበት ቅርጽ ውስጥ ውኃ ነበረና ገና ጠብ ከማለቱ ፈንድቶ ተረጨ። ዓይኑ ተረፈ፣ ክንዱ ተቃጠለ። ሽማግሌው መካኒክ ቁስሉን እያዩ «አንተ ልጅ፣ አረር እርጥበት አይወድም አላልኩህም?» አሉት።

እኔን የያዘኝ ቃሉ ነው። እኛ «አረር» ስንል ጥይት ማለታችን ነው፤ በግዕዝ ግን ዐረር ራሱ ማዕድኑ፣ እርሳሱ ነው። የማዕድኑ ስም ለጥይቱ የተረፈው ጥይቱ ሌላ ምንም ስላልነበረ ነው፦ የቀለጠ እርሳስ።

ለምን እርሳስ? ብረት ለማቅለጥ ከ1500 ዲግሪ በላይ ሙቀት ይጠይቃል። ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ መድፍ ለማስቀለጥ እቶንና ባለሙያ ያስፈለጋቸው ነሐስም ቢሆን በቀላሉ ስለማይፈስ ነው። እርሳስ ግን በ327 ዲግሪ ይቀልጣል፣ የቤት ከሰል ይበቃዋል። ቀላል ነው ማለት ግን አይደለም። ቅርጹ ከቀዘቀዘ ጥይቱ ተጨማድዶ ይወጣል፤ ከላይ የሚንሳፈፈው አመድ ካልተገፈፈ አብሮ ይገባል፤ ውስጡ አየር ከቀረ ክብደቱ ወደ አንድ ጎን ያደላና ሲተኮስ ይስታል። እርጥበቱን ልጁ አሳይቶናል። (ከእርሳስ የሚነሳው ብናኝ ደግሞ ደምና አጥንት ውስጥ ይቀመጣል፣ በተለይ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። ግቢያችሁ ውስጥ የባትሪ እርሳስ የሚያቀልጥ ካለ ዝም አትበሉ።)

ከአፈሙዝ የሚጎረሰው ነፍጥ ቀርቶ ውጅግራ ሲመጣም ጥይቱ ያው እርሳስ ነበር። እ.ኤ.አ. የ1874ቱ የፈረንሳይ ግራ ጠመንጃ 11 ሚሊ ሜትር ነው፤ አንዱ ጥይቱ 25 ግራም ይመዝናል። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ከተተኮሱት መሣሪያዎች አንዱ ይኸው ነው። ፍሽክ በገበያ እንደ ገንዘብ የሚሄድበት ዘመን ስለነበር ባዶ ቀለህ እንኳ የሚጣል ነገር አልነበረም።

አውሮፓ ግን ቀድሞ ሄዷል። እ.ኤ.አ. በ1886 ፈረንሳይ ጭስ አልባ ባሩድ የሚተኩሰውን ለበል አወጣች። በዚያ ፍጥነት ራቁቱን እርሳስ በአፈሙዙ ውስጥ እየተላጠ ይቀራል፣ ስለዚህ ጥይቱ የመዳብ ቅይጥ ልብስ ለበሰ። ይህን በከሰል ምድጃ መሥራት አይቻልም፣ ፋብሪካ ይጠይቃል። የባለ ምድጃው ዘመን ያኔ አበቃ።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። በ1891 ዓ.ም. ሄግ ላይ በሰውነት ውስጥ የሚሰፋ ወይም የሚጨፈለቅ ጥይት ተከለከለ። «ዱምዱም» የሚለው ስም የመጣው እንግሊዞች ካልካታ አጠገብ ከነበራቸው የመሣሪያ ፋብሪካ ነው። በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን ኢትዮጵያን በዚሁ ከሰሰች፣ ክሱንም ለመርዝ ጋዟ ምክንያት አደረገችው።

ያን ጊዜ የኛ ሠራዊት የያዘውን አስቡት፤ አዲስ ማውዘር ከአያት የወረሰ ውጅግራ ጎን ተሰልፏል። ከየአገሩ በተለቃቀመው ጥይት መካከል ለአደን የተሠራ አልነበረም ብዬ አልምልም። ነገር ግን የውጅግራ ጥይት ከሄጉ ክልከላ በ25 ዓመት ይበልጣል። ለስላሳ የሆነው ሰው በጭካኔ ስለፈለፈለው ሳይሆን ልብስ የሌለው እርሳስ ስለሆነ ነው። በልጅነታችን ይህን ክስ ስንሰማ አንገታችንን የምንደፋ ነበርን፣ እኔ ዛሬ አልደፋም።

ከሳሿስ? ጋዝን የሚከለክለውን የጄኔቫ ፕሮቶኮል በ1920 ዓ.ም. ያጸደቀች አገር ናት። ታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ተከዜ አካባቢ የሰናፍጭ ጋዝ ከአውሮፕላን ማውረድ ጀመረች።