ስለ መድኃኒት ወኪል ጥቅም ከኮሶ ታሪክ የሚገኝ ትምህርት

የመድኃኒት ወኪል ማለት አንድ መድኃኒት ለምን ደዌ እንደሚረዳ፤ በምን መጠን እንደሚሰጥና ምን ጉዳት እንደሚያስከትል ለሐኪሞችና ለባለመድኃኒት ቤቶች እየዞረ የሚያስረዳ የንግድ መልእክተኛ ነው። ብዙ ሰው ይህን ሠራተኛ ከተራ ነጋዴ ለይቶ አያየውም፤ አንዳንዱም ለትርፉ ብቻ የሚናገር አድርጎ ይቈጥረዋል። ጥቅሙንና አደጋውን ለማመዛዘን ግን ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ በአንኮበር ደጋ የሚበቅለው ኮሶ በቂ ምስክር ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ኮሶ ጥሬ ሥጋ ከመብላት ለሚመጣው ትል መድኃኒት ሆኖ በአገራችን ከጥንት ጀምሮ ሲሠራበት ኖሯል። የሴቴው ዛፍ አበባ ደርቆ ይወቀጣል፤ በውሃም ተበጥብጦ ሳይጠለል ጠዋት በባዶ ሆድ ይጠጣል። አወሳሰዱን እያንዳንዱ ቤተሰብ ስለሚያውቀው ሻጩ ብዙ ማስረዳት አያስፈልገውም ነበር። ሙያውም እንደ ውርደት ይቈጠር ነበር፤ ዐፄ ቴዎድሮስን ጠላቶቻቸው «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እያሉ ይሰድቧቸው እንደ ነበር በታሪክ የታወቀ ነው።

በአውሮፓ ነገሩ ሌላ ነበር። ጄምስ ብሩስ የተባለው ስኮትላንዳዊ አገራችንን ጐብኝቶ በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ ስለ ኮሶ ጽፏል፤ ሥዕሉንም አውጥቷል። ከዚያም በ1820ዎቹ መጀመሪያ ብራዬር የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም በቊስጥንጥንያ የኮሶን ፈዋሽነት ተረድቶ ለፓሪስ ሊቃውንት አስታወቀ፤ አንድ የዕፀዋት ሊቅም ዛፉን በስሙ ሰየመለት። እንዲህም ሆኖ ኮሶ የሐኪሞች መድኃኒት ሊሆን አልቻለም። ዕውቀቱ በመጽሐፍ ተጽፎ ሳለ አበባው በበቂ መጠን በመድኃኒት ቤት አልተገኘም።

በዚህ ዘመን በሸዋ የነገሡት ሣህለ ሥላሴ (1813–1847) አንኮበርንና አንጎለላን መቀመጫ አድርገው የውጭ አገር እንግዶችን ይቀበሉ ነበር። ለአውሮፓ መድኃኒትም ብርቱ ፍላጎት ነበራቸው። በ1841 የመጣው የእንግሊዝ መልእክተኛ ሐሪስ ሐኪም አስከትሎ ነበር። በ1839 ሸዋ የገባው ፈረንሳዊው ሮሼ ዴሪኩር ደግሞ ተመልሶ መጥቶ በ1843 ከንጉሡ ጋር ውል ተዋዋለ። ይህ ሰው ከኢትዮጵያ ጒዞዎቹ ኮሶ ይዞ ወደ አውሮፓ ተመለሰ፤ በ1850 ግድም በሎንዶን የነበረው ወኪሉ 28 ግራም ያህል የሚመዝነውን አንድ አውንስ በ35 ሺልንግ ለሽያጭ አቀረበ።

ከዚህ በኋላ ሐኪሞች ዕቃውን በእጃቸው አግኝተው በበሽተኞች ላይ ውጤቱን ተመለከቱ፤ ባለመድኃኒት ቤቶችም ባሕርዩን መረመሩ። በ1864 በወጣው የብሪታንያ የመድኃኒት ሕግ መጽሐፍም ኮሶ ተመዘገበ፤ አሰጣጡም እንደ አገራችን ልማድ ሳይጠለል ነበር። ከብሩስ መጽሐፍ እስከ ወኪሉ ሽያጭ 60 ዓመት ያህል አለፈ፤ ከሽያጩ እስከ ምዝገባው ግን የወሰደው 14 ዓመት ያህል ብቻ ነው። ዕቃውንና አወሳሰዱን አንድ ላይ የሚያቀርብ ሰው መኖሩ የቱን ያህል እንደሚጠቅም ከዚህ ይታያል።

ይሁን እንጂ አደጋውንም መሸሸግ አይገባም። ሠላሳ አምስት ሺልንግ ለድኻ በሽተኛ የማይሞከር ዋጋ ነበር፤ የረከሰውም አቅራቢው ሲበዛ ነው። ደግሞም ኮሶ ሲያረጅ ኀይሉ ይቀንሳል፤ መጠኑ ሲበዛም የዓይንን ብርሃን እስከ መጉዳት ይደርሳል። ስለዚህ ጥቅሙን ብቻ ተናግሮ ዕድሜውንና ጉዳቱን የሚሸሽግ ወኪል በሰው ሕይወት ላይ ይፈርዳል። በኋላም በ1960 ግድም ኒክሎሳማይድ የተባለው መድኃኒት ሲወጣ ኮሶን በየሐኪም ቤቱ ተካው።

ዛሬ በደብረ ብርሃን ወይም በአንኮበር የሚሠራ ሐኪም በዓለም ላይ የሚወጣውን መድኃኒት ሁሉ አንብቦ ሊጨርስ አይችልም፤ ባለመድኃኒት ቤቱም እንደዚሁ። ስለዚህ የሠለጠነ ወኪል ቢመጣ በአክብሮት ሊሰሙት ይገባል። ነገር ግን ስለ ጉዳቱ፤ ስለ ዋጋውና ስለሚያልፍበት ቀን ሳይጠይቁና ከነጻ ምንጭ ሳያመሳክሩ አያሰናብቱት። ስጦታም የፍርድን ዓይን ስለሚያሳውር አይቀበሉት። ወኪሉ እውነቱን ሲናገር፤ ሰሚውም ሲመረምር በሽተኛው ይጠቀማል፤ የሁሉም ድካም ለእርሱ ሲባል ነውና።