የቪዲዮ ጥራት በአነስተኛ ኮምፒውተር

እንደ ራስፕቤሪ ፓይ ያለ መዳፍ የሚያክል ኮምፒውተር በኤችዲኤምአይ ገመድ ከቴሌቪዥን ጋር ተገናኝቶ ቤትን ሲኒማ ሊያደርግ ይችላል። የምስሉን ጥራት የሚወስነው በዋናነት የታመቀውን ቪዲዮ የሚፈታው የቺፑ ክፍል ነው። ክፍሉ ከሌለ ሥራው ሁሉ ፕሮሰሰሩ ላይ ይወድቅና ምስሉ ሊቆራረጥ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ራስፕቤሪ ፓይ 4 ኤች.265 በተባለው መንገድ የታመቀ ቪዲዮን በ4ኬ ጥራት፣ በሰከንድ እስከ 60 ምስል ይፈታል፤ ዩቲዩብ ለሚጠቀምባቸው ቪፒ9 እና ኤቪ1 ለተባሉት የማመቂያ መንገዶች ግን እንዲህ ያለ ክፍል የለውም።

ከሁሉ ይልቅ ችላ የሚባለው የስክሪኑ የእድሳት ፍጥነት፣ ማለትም ስክሪኑ በሰከንድ ስንት ጊዜ ምስሉን እንደሚያድስ (በኸርዝ የሚለካው) ነው። በሰከንድ 25 ምስል የተቀረጸ ፊልም 60 ኸርዝ ላይ በተቀመጠ ስክሪን ሲታይ፣ 60 ለ25 እኩል ስለማይካፈል ካሜራው በዞረ ቁጥር ምስሉ ይንገጫገጫል። በ50 ኸርዝ እያንዳንዱ ምስል በትክክል ሁለት ጊዜ ስለሚታይ ችግሩ ይጠፋል። ኮዲ የተባለው ማጫወቻ ፍጥነቱን በራሱ እንዲያስተካክል ማዘዝ ይቻላል፤ ገንዘብ የማይጠይቅ ትልቅ መሻሻል ነው።

ሙቀትም ጥራትን ይጎዳል። ራስፕቤሪ ፓይ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ራሱን ያዘገያል። እንደ መዘዞና ደብረ ብርሃን ባሉ የሰሜን ሸዋ ደጋዎች ቅዝቃዜው ይረዳል፤ አየሩ ስስ በመሆኑ ግን የኮምፒውተሩ ማቀዝቀዣ ማራገቢያ የሚያወጣው ሙቀት ከቆላው ያንሳል። ኮምፒውተሩን ቁም ሣጥን ውስጥ አይዝጉበት፤ ሲገዙም ቺፑ የትኞቹን የቪዲዮ ዓይነቶች እንደሚፈታ አስቀድመው ይጠይቁ።