የውሃ አልካላይነት (በቤት ውስጥ ቢራ ጠመቃ)

አልካላይነት ውሃ አሲድን ለመቋቋም ያለው ዓቅም ነው፤ በቧንቧ ውሃ ውስጥ በአብዛኛው የሚመነጨው ከባይካርቦኔት ነው። ሲበዛ የብቅልና የሙቅ ውሃው ድብልቅ ፒኤች ከተመራጩ 5.2–5.6 በላይ ይወጣል፤ ከብቅሉ ገለባም አፍ የሚያኮማትር ጣዕም ይወጣል።

ልኬታ፦ በተመጠነ ናሙና ላይ አመልካች ቀለም ይጨመራል። ቀለሙ እስኪለወጥ አሲድ ይንጠባጠብበታል፤ ከጠብታዎቹ ብዛት መጠኑ ይሰላል። ውጤቱ በካልሲየም ካርቦኔት ተመን፣ በሚሊግራም በሊትር ይገለጻል።

ማስተካከያ፦ ላክቲክ ወይም ፎስፎሪክ አሲድ ይጨመራል፤ አለዚያም ማዕድኑ ተጣርቶ በወጣለት ውሃ ይቀጥናል። ካልሲየም ያለበትን ውሃ አፍልቶ፣ አቀዝቅዞና አጥልሎ ዝቃጩን መተውም ይረዳል።

ታሪክ፦ የፒልዘን ከተማ ለስላሳ ውሃ እ.ኤ.አ. በ1842 ለተጠመቀው ፈካ ያለ ላገር ቢራ ተስማምቷል። ባይካርቦኔት የበዛበት የደብሊን ውሃ ደግሞ አሲዳማ የተቆላ ገብስ ለሚገባበት ጥቁር ስታውት ቢራ ተመችቷል።

አሲድ ምንጊዜም ጥቂት በጥቂት፣ ፒኤች እየተለካ ይጨመራል።