ከብረት ቁም ሳጥኑ የወጣው ልማድ፦ የፕሮግራመሮች መረዳዳት ከየት መጣ?

በ1949 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በእንግሊዝ አገር፣ በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ላቦራቶሪ፣ ኤድሳክ የተባለው ኮምፒውተር ሥራውን ጀመረ። ግንባታውን የመራው ሞሪስ ዊልክስ ብዙም ሳይቆይ ከበድ ያለ የሒሳብ ፕሮግራም በገዛ እጁ ጻፈ። ፕሮግራሙ 126 መስመር ብቻ ነበር፤ ከብዙ ዓመታት በኋላ የተገኘውን፣ ፕሮግራሙ የተበሳበትን የወረቀት ጥብጣብ የመረመረው የኮምፒውተር ታሪክ ተመራማሪ ማርቲን ካምቤል ኬሊ ግን ሃያ ያህል ስህተት ቆጥሮበታል። ዊልክስ በ1985 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ እንደተረከው፣ ማሽኑ ካለበት ክፍል ወደ ጥብጣብ መብሻው ክፍል በደረጃው ሲመላለስ አንድ ነገር ድንገት ተገለጠለት፤ ከቀረው ዕድሜ ብዙው የሚያልቀው የራሱን ፕሮግራም ስህተት ሲያድን መሆኑ። ማሽኑን የሠራው ሰው እንዲህ ካለ፣ ማሽኑን ገና ለመልመድ የሚታገለው ምን ሊል ነው?

ላቦራቶሪው ለዚህ ጭንቀት ያበጀው መድኃኒት አንድ የብረት ቁም ሳጥን ነበር። በውስጡ ቀዳዳ የተበሳባቸው የወረቀት ጥብጣቦች ተደርድረዋል፤ እያንዳንዱ ጥብጣብ ተፈትኖ ያለፈ አንድ ንዑስ ፕሮግራም ይዟል። የቁጥርን ካሬ ሥር ማውጣት ወይም ውጤቱን በወጉ አሰልፎ ማተም የፈለገ ተመራማሪ ከባዶ አይጀምርም፤ ጥብጣቡን ከሳጥኑ አውጥቶ በመገልበጫ መሣሪያ ወደ ራሱ ጥብጣብ ይቀዳል፣ ዋናው ለተከታዩ ሰው ወደ ቦታው ይመለሳል። በ1951 ዊልክስ፣ ዴቪድ ዊለርና ስታንሊ ጊል ስለ ፕሮግራም አዘገጃጀት ፈር ቀዳጁን መጽሐፍ ሲያሳትሙ በሳጥኑ 87 ንዑስ ፕሮግራሞች ተከማችተው ነበር። መጽሐፉም ከእነዚህ የተመረጡትን መስመር በመስመር አትሞ ካምብሪጅን ረግጦ ለማያውቅ አንባቢ ሁሉ አደረሳቸው። የንዑስ ፕሮግራሞቹ አሠራር ዋና ጠንሳሽ የነበረው ዊለር በ1952 በጻፈው አጭር ጥናት ላይ ግን እስከ ዛሬ የሚጠቅም ማስጠንቀቂያ ትቷል፦ ፕሮግራሙን ጽፎና ፈትኖ መጨረስ በቂ አይደለም፤ ውስጡን የማያውቅ ሰው በቀላሉ እንዲጠቀምበት መግለጫ መጻፍ ይቀራል፣ ምናልባትም ከሁሉ የሚከብደው ይኸው ነው።

የዚህ ጽሑፍ ክርክር ከዚህ ሳጥን ይነሳል። ፕሮግራመሮች ሲረዳዱ የሚያይ ሰው ነገሩን የደግነት ወይም የወጣትነት ጠባይ አድርጎ ይወስደዋል። ታሪኩ የሚያሳየው ሌላ ነው። መረዳዳቱን የወለደው የሥራው ጠባይ ነው፤ ስህተት ለብቻ የማይቻል ሸክም ነው፣ አንድ ጊዜ የተፈታ ችግርን ሁለተኛ መፍታት ደግሞ ከንቱ ወጪ ነው። ሙያውን ያሳደገው እርዳታም በጆሮ የተነገረው ሳይሆን ገና ላልጠየቀ ሰው ተጽፎ የተቀመጠው ነው።

የመጀመሪያው ማስረጃ ደግነት ጨርሶ ከማይጠበቅበት ቦታ ይገኛል። አይቢኤም 701 የተባለውን ግዙፍ ኮምፒውተሩን የሠራው በ19 ቁጥር ብቻ ነው። ከተገልጋዮቹ መካከል በደቡብ ካሊፎርኒያ የነበሩ የአውሮፕላን ፋብሪካዎች ይገኙበታል፤ እነዚህ ደግሞ ለመንግሥት ትእዛዝ የሚሻሙ ባላንጣዎች ነበሩ። በ1955 ተተኪው 704 ሊመጣ ሲል ለአሮጌው ማሽን የተጻፈው ፕሮግራም በአዲሱ ላይ እንደማይሠራ ታወቀ። እያንዳንዱ ድርጅት ያንኑ አሰምብለር (የፕሮግራመሩን ትእዛዝ ወደ ማሽን ቋንቋ የሚለውጥ ፕሮግራም)፣ ያንኑ የሒሳብ ስሌት፣ ያንኑ የማተሚያ ፕሮግራም ለየብቻው በውድ ደመወዝ እንደገና ሊያስጽፍ ነው። በዚያው ዓመት ኦገስት ወር ተጠቃሚዎቹ በሳንታ ሞኒካ፣ በራንድ ተቋም ተሰበሰቡና «ሼር» የሚባለውን ማኅበር መሠረቱ፤ ስሙ ራሱ ማካፈል ማለት ነው። የጋራ አጻጻፍ ደንብ አወጡ፣ ፕሮግራሞቻቸውን እያባዙ ተላላኩ። የዩናይትድ ኤርክራፍት ባልደረባ የነበረው ሮይ ነት የጻፈው አሰምብለር የአባላቱ ሁሉ መደበኛ መሣሪያ ሆነ። የአውሮፕላኑ ንድፍ ምሥጢር እንደሆነ ቀረ፤ ንድፉን ለማስላት የሚያገለግለው መሣሪያ ፕሮግራም ግን የጋራ ሆነ።

ይህን የኢትዮጵያ ገበሬ በቀላሉ ይረዳዋል፤ ወንፈል ነውና። ወንፈል ምጽዋት አይደለም፤ ዛሬ ያረስኩልህ ነገ ልታርስልኝ ነው። ልዩነቱም ግን ትምህርት አለው። በወንፈል ውለታው የሚመለሰው ለዋለው ሰው ነው፤ ጉልበትም አንዴ ከዋለ አለቀ፣ የዛሬው እርሻ ለከርሞ አያገለግልም። የተጻፈ ፕሮግራም ግን ሺህ ጊዜ ቢቀዳ አይጎድልም። ስለዚህ የካሊፎርኒያው መሐንዲስ ባለውለታው ማን እንደሆነ ሳያውቅ፣ እሱም በተራው ለማያውቀው ሰው ማኖር ይችላል። በቁም ሳጥኑና በወንፈሉ መካከል ያለው ልዩነት ይህ ነው፦ ሳጥኑ ፊት ለፊት መተያየትን አይጠይቅም።

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሳል፤ በነፃ የሚታደል ነገር ማንን ያኖራል? በ1950ዎቹ ማካፈል ቀላል የሆነው ገንዘቡ ከማሽኑ ስለሚገኝ ነው፤ አይቢኤም ሶፍትዌርን ከማሽን ለይቶ ማስከፈል እንደሚጀምር ያስታወቀው ገና በ1969 ነበር። ይህን ጥያቄ በድፍረት ያቀረበው የ20 ዓመቱ ቢል ጌትስ ነው። በ1975 አልቴር 8800 የተባለ አነስተኛ ኮምፒውተር ሲወጣ፣ በካሊፎርኒያ በሜንሎ ፓርክ በአንድ ጋራዥ የተጀመረው የሆምብሩ የኮምፒውተር ክበብና መሰሎቹ የማይክሮሶፍትን የቤዚክ ቋንቋ ጥብጣብ እየቀዱ ያድሉ ጀመር። ጌትስ በፌብሩዋሪ 1976 በጻፈው ግልጽ ደብዳቤ፣ ቤዚክን የገዙት የአልቴር ባለቤቶች ከ10 በመቶ እንደሚያንሱ፣ ለሥራው የዋለው የኮምፒውተር ጊዜ ብቻ ከ40,000 ዶላር በላይ እንደሚያወጣ፣ የተገኘው ክፍያ ግን ለደከሙበት ሰዓት ሲካፈል ሁለት ዶላር እንደማይሞላ ገለጸ። የሰውን ድካም ያለ ፈቃዱ መቅዳት ስርቆት ነው የሚለው ነጥቡ በቀላሉ የሚጣል አይደለም።

ነገር ግን የጌትስ ደብዳቤ የመታው ያለ ፈቃድ መውሰድን እንጂ ወድዶ ማካፈልን አይደለም። ሁለቱ የተለያዩ መሆናቸውንም ያው ዘመን አሳይቷል። ዶክተር ዶብስ የተባለው መጽሔት በ1976 ሥራውን የጀመረው «ታይኒ ቤዚክ» የሚባል ትንሽ ቋንቋ እንዴት እንደሚሠራ ለአንባቢ በማስረዳት ነበር። አንባቢዎች የየራሳቸውን ቅጂ ጽፈው ሙሉ ኮዱን ላኩ፣ ሌሎች ስህተቱን አርመው መለሱ፤ ማንም አልተዘረፈም። ከሁሉ የሚበልጠውን መልስ የሰጠው ግን ራሱ ማይክሮሶፍት ነው። በ1991 ቪዥዋል ቤዚክን ሲያወጣ የዴስክቶፕ ፕሮግራም መጻፍ ለብዙ ሰው ተከፈተ፤ የጥያቄውም ጎርፍ አብሮ መጣ። ኩባንያው ለጥያቄው ሁሉ ራሱ መልስ ሊሰጥ የሚችል አልነበረም። መልስ ይሰጡ የነበሩት በኮምፑሰርቭ የውይይት መስመሮች ላይ ሌሊቱን የሚያመሹ፣ ደመወዝ የማይከፈላቸው ፕሮግራመሮች ነበሩ። በ1993 ኩባንያው ለእነዚህ ሰዎች ኤምቪፒ የተባለ የክብር ማዕረግ አቋቋመ፤ ዛሬም ድረስ ይሰጣል። በ17 ዓመት ልዩነት ያው ድርጅት ሁለቱንም እውነት መሰከረ፦ ሸቀጡ ዋጋ አለው፣ ሸቀጡ ግን ያለ ነፃ ምክር አይሠራም።

ዌብ ሲመጣ የሳጥኑ ልማድ ከማሽኑ ጋር ተዋሐደ። የስዊዘርላንዱ የምርምር ማዕከል ሰርን በኤፕሪል 1993 የዌብን ሶፍትዌር ያለ ክፍያ ማንም እንዲጠቀምበት ለሕዝብ ለቀቀው። ከዚህም በላይ፣ ማንኛውም ገጽ የተሠራበትን ምንጭ ኮድ አሳሹ ገልጦ ያሳይ ነበር፤ ብዙ የዌብ ሠሪ ፊደል የቆጠረው በዚህ መንገድ፣ የሌላውን ገጽ ከፍቶ በማንበብ ነው። ቀጥሎ ችግር የሆነው የመልስ ማጣት ሳይሆን የመልስ መበተን ነበር፤ ጥሩው መልስ በመቶ ገጽ ጭውውት መሃል ይቀበራል። በሴፕቴምበር 2008 ጆኤል ስፖልስኪና ጄፍ አትውድ ለሕዝብ የከፈቱት ስታክ ኦቨርፍሎው ይህን ለማስተካከል የተነሳ ነው፦ አንድ ጥያቄ፣ ከሥሩ በድምፅ ተመዝኖ ወደ ላይ የሚወጣ መልስ፣ ማንም እንዲቀዳው የሚያስችል ፈቃድ። ጠያቂው አንድ ቢሆንም መልሱ የሚጻፈው ከዓመታት በኋላ በፍለጋ ለሚመጡት ሁሉ ነው። ይህ የካምብሪጅ ሳጥን ነው፣ በሚሊዮን ተባዝቶ።

ሁለተኛው ተቃውሞ የሚነሳው እዚህ ነው፤ መቅዳት ሰነፍ ያደርጋል፣ አደጋም ያስከትላል። ማስረጃው ቀላል አይደለም። በ2017 የጀርመን ተመራማሪዎች 1.3 ሚሊዮን የአንድሮይድ መተግበሪያዎችን መርምረው፣ 15.4 በመቶዎቹ ከስታክ ኦቨርፍሎው የተቀዳ ከደኅንነት ጋር የተያያዘ ኮድ እንደያዙ፣ ከእነዚህም 97.9 በመቶዎቹ ቢያንስ አንድ ለጥቃት የሚያጋልጥ ቁራጭ እንዳለባቸው አረጋግጠዋል። ስለዚህ መረዳዳቱ ሁሉ መልካም ነው ማለት አይቻልም። ነገር ግን ጥፋቱ ከመቅዳት የመጣ ከሆነ ካምብሪጅም ማጥፋት ነበረባት፤ እዚያም ሥራው መቅዳት ነበር። የጎደሉት በሳጥኑ ዘንድ የነበሩ ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው፣ ወደ ሳጥኑ የሚገባው ጥብጣብ አስቀድሞ መፈተኑ ነው፤ ሁለተኛው፣ ዊለር ከሁሉ ይከብዳል ያለው መግለጫ፣ ማለትም ይህ ኮድ ለምን ይሠራል፣ የት አይሠራም የሚለው። «ይኸው፣ ለጥፈው» የሚል መልስ ግማሽ እርዳታ ነው። በአንጻሩ መልስ ሰጪዎች ጥራት ለመጠበቅ ሲሉ ጀማሪን እስከ ማሸማቀቅ ደርሰው ያውቃሉ፤ ስታክ ኦቨርፍሎው ራሱ በ2018 ለአዲስ ገቢዎች እንግዳ ተቀባይ አለመሆኑን በይፋ አምኗል። ማጣራት ያስፈልጋል፤ የሚጣራው ግን መልሱ እንጂ ጠያቂው አይደለም።

አለመካፈል የሚያስከፍለውን ደግሞ የአማርኛ አንባቢ ከማንም በላይ ያውቃል። የመጀመሪያዎቹ የግዕዝ ፊደል ሶፍትዌሮች በ256 የኮድ ቦታዎች ውስጥ ከዚያ የሚበልጥ ቁጥር ያላቸውን ፊደላት ለማስፈር ተገደዱ፤ እያንዳንዱ ሠሪም መላውን በየራሱ መንገድ ፈለገ። በውጤቱ በፓወር ግዕዝ የተጻፈ ሰነድ ያ ፎንት በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ትርጉም የለሽ ምልክት ሆኖ ይታይ ነበር። እያንዳንዱ መፍትሔ በተናጠል ሲታይ የጥበብ ሥራ ነው፤ አንድ ላይ ሲታዩ ግን ባቢሎን ናቸው። መንገዱን የከፈቱት በጋራ ለመስማማት የጻፉት ናቸው። ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ሴራ በተባለው ሥርዓት የግዕዝን ፊደል በላቲን ምልክቶች ለመጻፍ የሚያስችል የጋራ ደንብ አዘጋጁ፤ ብዙ ሰዎች ከተከራከሩበት በኋላም ፊደሉ በ1999 ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ኮድ ሠንጠረዥ (ቅጂ 3.0) ውስጥ የራሱን ቋሚ ቦታ አገኘ። ዛሬ በአዲስ አበባም ሆነ በዋሽንግተን በስልክ የሚላክ የአማርኛ መልእክት ያለ ልፋት የሚነበበው አንድ ብልህ ሰው ችግሩን ለብቻው ስለፈታው አይደለም፤ መፍትሔው ሁሉም በሚደርስበት ሠንጠረዥ ላይ ስለሰፈረ ነው።

አሁን ሦስተኛ ተቃውሞ መጥቷል፤ ጥያቄን ለሰው ማቅረብ ለምን አስፈለገ፣ ማሽኑ ይመልስ የለም ወይ? የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራም የሆነው ቻትጂፒቲ በኖቬምበር 2022 በወጣ በቀናት ውስጥ ስታክ ኦቨርፍሎው በእሱ የተጻፉ መልሶችን አገደ፤ ትክክል የሚመስሉ ስህተቶች በብዛት ይገቡ ነበርና። ከዚያ ወዲህ ማሽኖቹ ተሻሽለዋል፣ በአደባባይ የሚቀርበው ጥያቄም በእጅጉ ቀንሷል። ለጠያቂው ይህ ትልቅ ጥቅም ነው፦ ፈጣን ነው፣ አያሸማቅቅም፣ እኩለ ሌሊትም ይመልሳል። ይህን መካድ አያስፈልግም። ልብ ሊባል የሚገባው ግን ማሽኑ ያወቀውን ያወቀው ሰዎች ለማያውቁት ሰው ጽፈው ካኖሩት መሆኑን ነው። በግል የተጠየቀ ጥያቄ በግል ይመለሳል፣ መስኮቱም ሲዘጋ አብሮ ይዘጋል። ነገ አዲስ ቋንቋ፣ አዲስ ማሽን፣ ማንም ያልገጠመው ስህተት ሲመጣ መልሱ ከየት ይቀዳል?

ካምብሪጅ ላይ አንድ ተመራማሪ ጥብጣቡን ከቀዳ በኋላ በኪሱ ይዞት ቢሄድ ለእሱ ምንም አልጎደለበትም ነበር፤ ሥራው ተሠርቶለታል። ጉዳቱ የሚታየው በማግስቱ ሳጥኑን በሚከፍተው ሰው ላይ ነው። ዛሬ ከማሽን ጋር ሌሊቱን ሲታገል አድሮ ስህተቱን ያገኘ ፕሮግራመርም ያው ምርጫ ቀርቦለታል፤ ያገኘውን ይዞ መሄድ፣ ወይም አሥር ደቂቃ ጨምሮ ችግሩን፣ መፍትሔውንና ምክንያቱን ጽፎ ማኖር። የመጀመሪያው ፕሮግራሙን ያስጨርሰዋል። ሙያውን እስከ ዛሬ ያቆየው ግን ሁለተኛው ነው።